ሸሪዓውን ማን ጠየቀው?

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር ስለ ሰብዓዊ መብት የማያወራ ሙስሊም ጎረቤት አልነበረንም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች «ሸገር ከተማ» በሚል አንድ ስም ከተጠቀለሉ ወራት ቢቆጠሩ ነው። «ሕገ ወጥ ግንባታ» እየተባለ ቤቶች ሲፈርሱ መስጊዶችም አብረው ፈረሱ፤ ከደርዘን በላይ። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25፣ ሁለት ተከታታይ ዓርቦች፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በታላቁ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሳ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ። ያን ሰሞን ዓለም ገና ላይ፣ የጅማውና የቡታጅራው መንገድ በሚለያዩበት አካባቢ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ሕገ መንግሥት ይጠቅስ ነበር። አንቀጽ 27፣ የሃይማኖት ነፃነት። አንቀጽ 25፣ እኩልነት። ይህን ገጽ ከምናዘጋጀው ልጆች ግማሾቻችን ጁምዓ የምንሰግድ፣ ግማሾቻችን እሁድ የምናስቀድስ ነን፤ በዚያ ጉዳይ ግን አንድም ልዩነት አልነበረንም።

ሦስት ወር ሳይሞላ ነሐሴ መጣ። የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና እንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። ጥቆማው የመጣው ከሕዝብ ነው ተባለ። ቲክቶኩ ደግሞ ከቢሮው ቀድሞ ነበር። የሰው ፎቶ እየተለጠፈ፣ ስም እየተጠራ፣ «ይገረፉ» «ይገደሉ» የሚሉ ቪዲዮዎች ከስልክ ስልክ ዞሩ። እኛን ግን ያስቆመን ሌላ ነገር ነው። ግንቦት ላይ አንቀጽ 27ን ሲለጥፉ ከነበሩት ወዳጆቻችን አንዳንዶቹ ነሐሴ ላይ «በሸሪዓ ቢሆን ኖሮ እኮ አንገቱ ነበር» ይሉ ጀመር። ይባስ ብሎ ክርስቲያን ወዳጆቻችን ከሥር እየገቡ «በዚህ በዚህስ እስላሞቹ ይሻላሉ» ብለው አደነቁ። አገሪቱ ውስጥ ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ብርቅ ነውና እኛም አብረን ማጨብጨብ ነበረብን መሰለን።

እስቲ ግን «በሸሪዓ ቢሆን ኖሮ» የምትለዋን ቃል ቁጭ ብለን እንያት።

መጀመሪያ አገር ውስጥ ያለውን እንጨርስ። ሸሪዓ በኢትዮጵያ ውስጥ እውነተኛ የመንግሥት ፍርድ ቤት አለው። በ1936 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች በአዋጅ ታውቀዋል፤ ዛሬ በፌዴራል ደረጃ የሚሠሩት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት ናቸው። ሥልጣናቸው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍና የመሳሰለው ነው። ወንጀል አያዩም። አንድም ቃዲ በዚህ አገር ማንንም ለአንዲት ቀን ማሰር አይችልም፤ እንኳን አንገት። በዚያ ላይ በተሰጣቸው ጉዳይም ቢሆን ባለጉዳዮቹ ሁሉ ካልፈቀዱ መዝገብ መክፈት አይችሉም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ 5 ነው። ይህ የወረቀት ጌጥ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር «እኔ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማሁም» አለች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይግባኝ ሰሚውም ሳይቀር አልሰማትም፤ ሰበር ችሎትም አልታደጋትም። ነገሩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ፈቃዷ ስላልነበረ ፍርዱ ዋጋ የለውም አለ። ከሳሿም ተከሳሿም ሙስሊም፣ ጉዳዩም የቤተሰብ፣ ግን «እሺ» የምትለው ቃል ከሌለች ሸሪዓው አይገባም ማለት ነው። ታዲያ ቲክቶክ ላይ ያለው ዳኛ የማንን እሺታ ይዞ ነው የሚፈርደው?

አሁን ወደ ሸሪዓው ወደ ራሱ። የሚከተለውን የምንጽፈው ከመካከላችን መድረሳ ገብተው የቀሩት ልጆች እያረሙን ነው፤ የቀረውን ኡስታዞች ያርሙናል። ድርጊቱ ሐራም ነው ወይስ አይደለም ብለን አንከራከርም። አራቱም የሱንኒ መዝሃቦች ሐራም ነው ይላሉ፤ ጨርሰናል። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ይህን በሌላ መንገድ የሚያነቡ ጥቂት ሙስሊም ምሁራን አሉ፤ እዚህ አገር ግን ሰሚ የላቸውም፣ እኛም ሰሚ አላቸው ብለን አንዋሽም። ጥያቄው ሌላ ነው። ሐራም የሆነ ነገር ሁሉ ሰይፍ ያስመዝዛል ወይ? ማን ነው የሚመዘው? በምን ማስረጃ?

የሉጥ ሕዝቦች ታሪክ ቁርኣን ውስጥ ተደጋግሞ ተነግሯል፤ ዳኛ የሚወስነው የዚህ ዓለም ቅጣት ግን ተለክቶ አልተቀመጠም። ሊቃውንቱ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከሻፊዒዮች ብዙዎቹ እንደ ዚና ቆጠሩት። ሞት ነው ያሉም አሉ፤ የተመረኮዙበት ሐዲስ ሰነዱ ጠንካራ ነው አይደለም በሚል ራሱ ሲያከራክር ኖሯል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ደግሞ፣ በእስልምናው ዓለም ብዙ ተከታይ ያላቸው እኚያ ሰው፣ ይህ ዚና አይደለም፣ ሐድም የለውም፣ ቅጣቱ ዳኛው እንደ ሁኔታው የሚመዝነው ተዕዚር ነው አሉ። የገዛ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አልሸይባኒ በዚህ አልተስማሙላቸውም። በአንድ ቤት፣ በአንድ መምህር እግር ሥር የተቀመጡ ሰዎች እንዲህ ከተለያዩ «በሸሪዓ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ወዳጃችን በየትኛው ሸሪዓ ማለቱ ነው?

የማስረጃው ነገር ደግሞ ከቅጣቱ ይበልጣል። ዚና የሚረጋገጠው አራት ታማኝ ሰዎች ድርጊቱን ራሱን በዓይናቸው አይተው ሲመሰክሩ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፣ አብረው ሲዞሩ አየኋቸው፣ አረማመዱ እንዲህ ነው፤ ይሄ ሁሉ ምስክርነት አይደለም። አራት ሳይሞላ አፉን የከፈተ ሰው 80 ጅራፍ ይገረፋል፤ ምስክርነቱም ከዚያ በኋላ ተቀባይነት ያጣል። ሱረቱ አን-ኑር ላይ ያለ ነው፤ ቀዝፍ ይሉታል። በኸሊፋው ዑመር ዘመን ሦስት ሰዎች በአንድ ሹም ላይ መስክረው አራተኛው ሲያመነታ የተገረፉት ሦስቱ ምስክሮች ናቸው። አሁን ይህን ወደ ነሐሴ 2015 አምጡት። በሸሪዓ ቢሆን ኖሮ ፎቶ ለጥፎ «ይሄ እንትን ነው» ብሎ የጻፈው ልጅ ነበር ጀርባውን የሚያዘጋጀው። ሼር ያደረጉትስ?

ሌላም አለ። ሱረቱ አል-ሑጁራት መሰለልን ይከለክላል፤ የሰውን ገመና ቆፍሮ ማውጣትን። ዑመር ሌሊት ከተማ ሲዞሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው አጥር ዘለው እንደገቡ፣ ውስጥ መጠጥ የያዘ ሰው እንዳገኙና ሰውየው እንደሞገታቸው የሚተረክ አለ። እሱ አንድ ጥፋት ሠራ፤ እሳቸው ግን ሰለሉ፣ በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ዘለቁ፤ ሦስት። ዑመርም ትተውት ወጡ ይላል ትረካው። የአማኞች አለቃ እንኳ አጥር ዘለው ያገኙትን ማስረጃ ጣሉት ማለት ነው። የእኛ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወትና ስለ መኖሪያ ቤት መከበር የሚለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። (አንድ የሕግ ተማሪ ወዳጃችን ይህን ስናነብለት «ዑመር ከብዙ መርማሪ ፖሊስ ይሻላሉ» አለን። እኛ አላልንም፤ እሱ ነው ያለው።)

ስለ ሌሎቹ ጾታ ነክ አናሳዎችም ፊቅሁ ዝም አላለም። ሁለቱንም ዓይነት ብልት ይዞ የተወለደውን፣ በእኛ አማርኛ ፍናፍንት የምንለውን፣ «ኹንሳ» ብለው ውርሱ እንዴት እንደሚሰላ፣ ሶላት ላይ በየትኛው ሰልፍ እንደሚቆም ገጽ በገጽ ጽፈውለታል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ የተወለደ ልጅ ይደበቃል። እነዚያ የጥንት ፈቂሆች ግን ጀናዛው እንዴት እንደሚታጠብ ሳይቀር ተጨንቀው ነበር።

ይህን ሁሉ ስንል የሙስሊሙን ዓለም እያስዋብን አይደለም። ኢራን ዛሬም በዚህ ትገድላለች። ብሩናይ በፈረንጆች 2019 በድንጋይ መውገርን የሚጨምር ሕግ ሥራ ላይ አውላ ዓለም ሲጮህባት የሞት ቅጣቱን አልፈጽምም አለች፤ ሕጉን ግን አልሻረችም። ሱዳን በ2020 ሞትንና ግርፋትን ከሕጓ አወጣች፤ እስራቱ ግን እንዳለ ነው። በአንጻሩ ኦቶማኖች፣ ኸሊፋው በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በ1858 ባወጡት የወንጀል ሕግ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚሆነውን ከነጭራሹ አልጠቀሱትም። ኡጋንዳ ደግሞ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን የሆነችው አገር፣ ያው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ለተወሰኑ ሁኔታዎች ሞትን አስገባች። ስለዚህ ነገሩን የእስልምና ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አያዋጣም።

የእኛውስ ሕግ ከየት መጣ? ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የሚያሳስረው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ነው። ቀላል እስራት ነው የሚለው፤ ይህም በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ማለት ነው፤ ማስገደድ ወይም ማታለል ሲኖር ቀጣዩ አንቀጽ እስከ 15 ዓመት ያደርሰዋል። ሕጉ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ይህን ድንጋጌ የወረሰው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ያንን ያረቀቁት ደግሞ ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ናቸው። የሚገርመው የራሳቸው አገር ስዊዘርላንድ ከፈረንጆች 1942 ጀምሮ በአዋቂዎች መካከል የሚሆነውን ወንጀል ማለት ትታ ነበር። «ከውጭ የመጣ ነው» ለሚለው ወገን ይህቺን ትንሽ ነገር አስቀምጠንለት እናልፋለን።

የሃይማኖት አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ሲሰባሰቡ ሁሌም ይደንቀናል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የእስልምናና የወንጌላውያን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ክልከላው ሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ የሚል የአቋም መግለጫ አወጡ። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር፣ ስለ ኤችአይቪ ትልቁ የአፍሪካ ጉባኤ አዲስ አበባ ሊከፈት ሲል፣ እንደገና ሊናገሩ ጋዜጠኛ ጠርተው ነበር፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ገብተው አስቀሩት። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ሰላማዊ ሰልፍ ታቅዶ መንግሥት ሰረዘው፤ ይቅርታ የማያሰጥ ወንጀል ይሁን የሚለውም ረቂቅ ያኔ ወደቀ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ላሊበላን ሊጎበኝ ነው በተባለ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ላይ ቁጣው ተነሳ። በዚህ ሁሉ መሐል፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አንድ ሼህ ሊቀበሩ ወጥተው በነበረበት ቀን የብዙ ሙስሊሞች ደም ፈሰሰ። የቀብር ቦታ ድንበር ላይ መስማማት ያቃተን ሰዎች በሰው መኝታ ቤት ላይ አንድ ልብ መሆናችን አይከብድም?

ሕዝቡ እንደማይደግፈን እናውቃለን። በ1999 ዓ.ም. ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ከጠየቃቸው ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ግብረ ሰዶም በኅብረተሰቡ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም ብለዋል። 97 በመቶ! በዚህ አገር ዝናብ ጥሩ ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ ይህን ያህል አይገኝም። ግን የቁጥር ነገር ከተነሳ ሙስሊም ወዳጆቻችን ቀድመው ሊደነግጡ ይገባ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሕዝብ አዲስ አበባ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የስም ነበር። መንግሥት እስከዚያ ቀን ድረስ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚላቸው፤ ተከራይ ይመስል። እነሱ ደግሞ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች» ብላችሁ ጥሩን አሉ። ብዙኃኑ ያኔ ይወዳቸዋል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምን ይሆን ነበር? በዓላቶቻቸው የሕዝብ በዓል የሆኑት መጠይቅ ተሞልቶ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ሲባልም ያው ነው፤ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው የጠቀሰው ሕገ መንግሥቱን ነበር፣ የተመለሰላቸው የፀረ ሽብር አዋጁ ነው። ያኔ በቴሌቪዥን ስንት ነገር ተባለባቸው! ሳይፈረድባቸው ፊታቸው በድራማ መልክ ለአገር ሲታይ የነበሩ ሰዎች ልጆች፣ ዛሬ የሰው ፊት ሲለጥፉ ማየት ይከብደናል።

በነገራችን ላይ፣ እነዚያ የሚታደኑት ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚግባቡበት ቋንቋ አንዱ ሌላውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? «ዜጋ» ይለዋል። «እሱ ዜጋ ነው?» «አዎ፣ ዜጋ ነው።» ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ግን «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም በሉን» ብሎ ለተሰለፈ ማኅበረሰብ ይህቺ ቃል እንግዳ አትመስለንም።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር እንምጣ፤ ምክንያቱም እናቶቻችን የሚያነሱት ይህንን ነው። «ልጆቻችንስ?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ወንዶች ልጆች ይደፈራሉ፤ በሰፈር፣ በዘመድ ቤት፣ በትምህርት ቤት። ይህ ግን አንቀጽ 629 አይደለም፤ ልጆችን የሚመለከተው 631 ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው፤ ይክበድም። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀላቀልናቸው ማን ይጎዳል? የተደፈረው ልጅ። የ13 ዓመት ልጅ አባቱ ጋ ሄዶ «እንዲህ ተደረግሁ» ለማለት ሲያስብ መጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚያቃጭለው ያቺ ሰፈሩ ሁሉ የሚሳደብባት ቃል ናት። በእሷ መጠራትን ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል። አባትየውም ቢሰማ «የቤታችን ስም» ብሎ ያፍነዋል፤ ደፋሪው ሌላ ልጅ ይፈልጋል። ዘመቻው የሚታወጅላቸው ልጆች በዘመቻው ጩኸት አፋቸው ይዘጋል።

ደግሞ የእኛ የዙሪያዎቹ የራሳችን ጭንቀት አለ። አዲስ አበባ ኪራይ ሲያባርረን የመጣነው ወደ ዓለም ገና፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ብቻውን ቤት አይከራይም፤ ደባል ይገባል። ሁለት ወንዶች አንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ፍራሽ። እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ይሄዳሉ፤ በዚህ አገር ጓደኛ ማለት ይህ ነውና ማንም ዞር ብሎ አያይም። ማለትም አያይም ነበር። ያን ነሐሴ ግን ደባል ወንዶችን አላከራይም የሚል አከራይ ሰማን። «ሰው ምን ይላል» ነው ምክንያቱ። በፈረንጅ አገር ወንዶች እጅ ለእጅ መያያዝ ያፍራሉ እያልን ስንስቅ የኖርን ልጆች፣ ባህላችንን ለመጠበቅ በተባለ ዘመቻ እጃችንን ኪሳችን ልንከት ነው።

ሐሳባችንን ያለ መጋረጃ እንናገር። በአዋቂዎች መካከል፣ በፈቃድ፣ በተዘጋ በር የሚሆነው ነገር የፖሊስ ሥራ ሊሆን አይገባም፤ አንቀጽ 629 ይውጣ፤ 630 እና 631 አስገድዶ የሚደፍሩትንና ልጆች ላይ የሚደርሱትን ይዘው ይቆዩ። ይህ ነገ እንደማይሆን እናውቃለን። ኢማሞችንም ሐላል በሉት አንልም፤ ቢሉንም አናምናቸውም። የምንጠይቃቸው የራሳቸው ኪታብ ውስጥ ያለውን ነው። በነሐሴ 2015 የሰማናቸው ኹጥባዎች ስለ ሉጥ ሕዝቦች ብዙ ተናገሩ። አንዱም ስለ ቀዝፍ አላነሳም፤ አንዱም አል-ሑጁራትን አልቀራም። ቀሳውስቱም ቢሆኑ ሴቲቱን ሊወግሩ ድንጋይ ስላነሱት ሰዎች ያን ሰሞን ሲሰብኩ አልሰማንም። በሚቀጥለው ጊዜ ቲክቶኩ ሲነሳ፣ መነሳቱም አይቀርም፣ ከሚንበሩ ላይ «ስልካችሁን አስቀምጡ፣ አራት ምስክር የላችሁም» የሚል አንድ ሼህ ቢገኝ፣ ከእኛ መካከል የሚያስቀድሱት ሳይቀሩ ደጁ ቆመው ሊሰሙት ቃል ገብተዋል።